ሸክላው ያልቀረጸው ሳቅ፦ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሕይወትና ውርስ

በአዲስ ከተማ፣ በርበሬ በረንዳ አጠገብ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የታሪክ ንግግር ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ወጥቶ መርካቶ መሐል ሲደረግ «ለምን እዚህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ በዛሬው ባለ ታሪካችን የማዕረግ ስም ውስጥ አለ። «ነጋድራስ» ማለት የነጋዴዎች ራስ፣ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ነጋድራስ ቀረጥ ይሰበስባል፤ የነጋዴ ክርክር ይዳኛል፤ በገበያና በቤተ መንግሥት መካከል ይቆማል። ይህን ማዕረግ ከያዙት መካከል ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን የዐፄ ምኒልክ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በመሆናቸው እናውቃቸዋለን፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ስለ መንግሥትና ስለ ኢኮኖሚ በጻፉት እናነሣቸዋለን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ግን የምናነሣቸው ማሲንቆ ይዘው ስለ ዘፈኑና ሰውን ስላሳቁ ነው።

የነጋድራስ ተሰማ ስም ዛሬ በሦስት ወገን ይነሣል። የሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎች ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ይሏቸዋል። የስፖርት ወዳጆች የይድነቃቸው ተሰማ አባት መሆናቸውን ያስታውሳሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ «ነገር አዋቂ»፣ «ጨዋታ አዋቂ»፣ «ቅኔ ዐዋቂ» ይሏቸዋል። ሦስተኛው ወገን የሚያውቀው ተሰማ ከሁሉ ያነሰ የተጠና ነው። የዛሬው ንግግሬ የሚከራከርለት ነጥብም ይኸው ነው፦ ነጋድራስ ተሰማን ለመረዳት ሸክላው ብቻ አይበቃም፤ ሳቃቸው የበቀለበትን አጋጣሚ መልሰን ካላገኘን በእጃችን ያለው ድምፅ እንጂ ሰውየው አይደለም።

ከምንጃር እስከ በርሊን

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት የዐፄ ምኒልክ መንግሥት በተስፋፋበትና አዲስ አበባ ከሠፈርነት ወደ ከተማነት በተለወጠችበት ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም.፣ አውቶሞቢል ለአዲስ አበባ ገና ብርቅ በነበረበት ወቅት፣ ዐፄ ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ላኳቸው። ሞተር ሊማር የሄደው ሰው በርሊን ውስጥ በሸክላ ማጫወቻ ቀራጮች ፊት ቀረበና ሠላሳ ያህል ዜማዎችን አስቀረጸ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የመቀረጽ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በእርግጥ የኢትዮጵያውያን ድምፅ በመሣሪያ የተያዘው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ሲሊንደር ላይ ድምጿን ቀርጻ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልካ ነበር፤ የእኛም ንጉሠ ነገሥትና እቴጌ በዚያው መንገድ መልስ ሰጥተዋል። የንግሥቲቱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ በራሷ ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ፤ የምኒልክና የጣይቱ ግን ቀርቷል። ያ የመንግሥት ድምፅ ነበር፤ በክብር የተነገረ፣ ቃሉ አስቀድሞ የተመዘነ። የተሰማ ድምፅ ከዚህ የተለየ ነው። ማሲንቆ ይዞ የተቀመጠ የጨዋታ ሰው ድምፅ ነው።

ከጀርመን ሲመለሱ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ባለሟል ሆኑ። በዚያ ወጣት አልጋ ወራሽ ዙሪያ መኪናም፣ ጨዋታም፣ ፖለቲካም አንድ ላይ ነበሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የባለሟሎቻቸውም ፀሐይ አብራ ጠለቀች፤ ተሰማም ከቤተ መንግሥቱ ክበብ ራቁ። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. የተወለደው በጅማ ነው፤ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና በብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተው፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሕልፈቱ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው እርሱ ነው። ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። አራት ነገሥታትን፣ አንድ አልጋ ወራሽንና አንድ ወራሪን ያየ ዕድሜ ነው።

ማሲንቆ የያዘ ባለ ማዕረግ

የዘመኑ ሰው ነጋድራስ ተሰማን «ለየት ያለ ሰው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት የአዝማሪን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መነሻው ምስጋና ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ ግን አዝማሪነት የተፈለገና የተናቀ ሙያ ሆኖ ኖረ። ሠርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም፣ ጦር ያለ አዝማሪ አይዘምትም፤ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር የጨዋ ቤተ ሰብ ግን ጥቂት ነበር። አዝማሪዎች ከሌላው ተለይተው የሚግባቡበት የሙያ ቋንቋ ማበጀታቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጨዋ ሰው በገና ቢደረድር ዳዊትን መሰለ ይባላል፤ ማሲንቆ ቢገዘግዝ ግን ቤተ ሰቡ ያፍራል።

ተሰማ እሸቴ ይህን ድንበር ጣሱ። በሙያ አዝማሪ አልነበሩም፤ ለዕለት ጉርስ ደጅ እየዞሩ አልዘፈኑም፤ ባለ ማዕረግ ሰው ነበሩ። እንዲህም ሆኖ የአዝማሪን መሣሪያ፣ የአዝማሪን ግጥም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአዝማሪን ፈቃድ ለራሳቸው ወሰዱ። ፈቃዱ ታላቅ ፈቃድ ነው፤ አዝማሪ በዜማ አድርጎ ሌላ ሰው በንግግር ቢለው የሚያስቀጣውን ይላል። ተራ አዝማሪ ሲሸነቁጥ «ምን ይደረግ፣ አዝማሪ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ባለሟል ሲሸነቁጥ ግን የተሸነቆጠው ሰው ነገ በአደባባይ ያገኘዋል። ስለዚህ የነጋድራስ ተሰማ ቀልድ ከአዝማሪው ይልቅ ዋጋ የሚያስከፍል ነበር፤ ያሳቀበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሸክላው ምን ያዘ፣ ምን ለቀቀ?

አሁን ወደ በርሊኑ ሸክላ ልመለስ። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን አልነበረም። ዘፋኙ ወደ አንድ ትልቅ የብረት ቀንድ ይጮኻል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌውን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌው በሰም ላይ መስመር ይቀርጻል። አንድ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ቢበዛ አራት ነው። ዘፋኙ ከቀንዱ ቢርቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ቢንቀሳቀስ ይዛባል።

ይህን ከአዝማሪ ጨዋታ ጋር አስተያዩት። በጠጅ ቤት አዝማሪው በወንበሮች መካከል እየዞረ ይጫወታል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ ተቀብሎም እንዳለ አይለቀውም፣ አንዲት ቃል ለውጦ ወደ ሰጪው ይመልሰዋል። ጨዋታው ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል። ግማሹ ሥራ የታዳሚው ነው፤ የሚሰጥ ከሌለ የሚቀበል የለም። በበርሊን ግን ተሰማ ፊት የነበረው ቀንድ ብቻ ነው። ግጥም የሚሰጥ፣ ሰሙን ገልጦ ወርቁን አይቶ የሚስቅ ሰው ከቀራጮቹ መካከል አልነበረም። ኢትዮጵያዊው ቀልደኛ በሸክላ ታሪክ የገባው ሳቅ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው።

የአገባብን ኃይል ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። እዚህ በረንዳ ላይ አንድ ነጋዴ ለደንበኛው «የዘንድሮው ላዩ ቀይ ነው እንጂ ውስጡ ፍሬ የለውም» አለ እንበል። ስለ በርበሬ ከሆነ ተራ የገበያ ወሬ ነው፤ የማረቆውን ከሌላው አገር በርበሬ ያወዳድራል። ይህንኑ ቃል አንድ አዲስ ሹም አጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገረው ግን በረንዳው በሙሉ ይስቃል፤ ሹሙም ሊቆጣበት የሚችል ቃል አያገኝም። ቃሉ አንድ ነው፤ ቀልዱን ቀልድ ያደረገው የሹሙ ማለፍ ነው። ነጋዴውን በቴፕ ቀድተን ከመቶ ዓመት በኋላ ብናሰማ የልጅ ልጆቻችን የሚሰሙት የበርበሬ ዋጋ ክርክር ይሆናል።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ፎርምቢ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1961 የኖረ፣ ዩኩሌሌ የተሰኘች ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ እየመታ የሚያስቅ ዘፋኝ ነበር። ከ200 በላይ ዘፈኖችን በሸክላ አስቀርጿል፤ ፊልምም ሠርቷል። የእርሱም ዘፈኖች በላያቸው የዋህ፣ በውስጣቸው ነገር ያለባቸው ነበሩ፤ እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ዓይነት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1937 ከዘፈኖቹ አንዱን ወርቁ ነውር ነው ብሎ ከአየር አግዶታል። ፎርምቢን ከተሰማ የሚለየው ችሎታ አይደለም። ሸክላው በተቀረጸበት አገር፣ በተቀረጸበት ቋንቋ የሚስቅ ሕዝብ፣ የሚጽፍ ጋዜጣ፣ የሚያግድ ሬዲዮ ጣቢያ ጭምር ነበረው። እገዳው ራሱ ቀልዱ ማንን እንደነካ የሚመሰክር ሰነድ ሆኖ ቀርቷል።

የሁለት ቀልደኞች ዕጣ

የነጋድራስ ተሰማን ውርስ ከአለቃ ገብረ ሃና ውርስ ጋር ስናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። አለቃ ገብረ ሃና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። በዝማሬና በአቋቋም ታሪክ ያላቸው ስፍራ ታላቅ ነው፤ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የምንለው ስልት ከእርሳቸው የመነጨና በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራ ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ አሥር ሰው ብንጠይቅ አለቃ ገብረ ሃናን በአቋቋማቸው የሚያውቃቸው ጥቂቱ ነው፤ ሁሉም የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ሙዚቃው በሌላ ስም ሄደ፤ ቀልዱ በስማቸው ቀረ። እንዲያውም የእርሳቸው ያልሆነ ቀልድ ሁሉ ወደ እርሳቸው እየተጠጋ ስማቸው የሕዝብ ቀልድ ማኅደር ሆነ።

የነጋድራስ ተሰማ ዕጣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሙዚቃው በስማቸው ቀረ፤ ቀልዱ ተበተነ። የሸክላዎቹን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 27ኛ ቅጽ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ድምፃቸው ዳግም ለዓለም ተሰምቷል። ልጃቸው ይድነቃቸውም የአባታቸውን ግጥሞች «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ አሰባስቦ አቆይቶልናል። ሁለቱ ሥራዎች ባይኖሩ ይህ ንግግር ባልተቻለ ነበር። ለተመራማሪው ሁለቱ የሚሰጡት ነገር ግን ለየቅል ነው። ሸክላው ዜማውን፣ የማሲንቆውን ስልትና የድምፁን ቃና ያሳየናል። መጽሐፉ ቃሉን ይሰጠናል፤ ግጥም ከነ ታሪኩ ሲነገር ደግሞ አጋጣሚውን ጭምር። የቤተ ሰብ ትዝታ እዚህ ላይ ከመሣሪያው የተሻለ ሠርቷል። ማሽኑ ያልያዘውን የልጅ ጆሮ ያዘው።

ሳቅን የፈሩ ሰዎች

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ስለ ቀልድ ነውን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የሳቅን ክብደት ከታሪክ ጸሐፊዎች ይልቅ አንዳንድ ገዢዎች በሚገባ ተረድተውት ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር፣ የአውሬዎችን ኮሜዲ፣ ሲያቀርቡ ሹማምንቱ ራሳቸውን በአውሬዎቹ ውስጥ አዩ፤ ቴአትሩም ታገደ። ከዚያ የከፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን መጣ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙም የማናነሣው በመጋቢት ወር የተከተለውን ነው። ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚዞሩ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ማዘዙንም ለሮም መንግሥት በቴሌግራም አስታወቀ። ምክንያቱም የጣሊያን አገዛዝ ቀኑ እንደቀረበ በሕዝቡ መካከል ያስወራሉ የሚል ነበር። ትእዛዙ የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 ነው። ለንደን ውስጥ ባለ ሁለት ትርጉም ዘፈን ከሬዲዮ በታገደበት በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት ትርጉም ዘፋኝ በጥይት ይገደል ነበር።

ይህ ጉዳይ ከቆምንበት መሬት ጋር ይያያዛል። ከወረራው በፊት የከተማይቱ ታላቅ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የነጋድራሶች ዓለም የነበረው ያ ገበያ ነው። ነጋዴውም፣ ጉምሩኩም፣ ወሬውም፣ አዝማሪውም በአንድ ስፍራ ይገናኙ ነበር። «አራዳ» የሚለው የቦታ ስም ዛሬ በአፋችን ነቃ ያለ፣ ነገር የገባው፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው መጠሪያ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ገበያው ያፈራውን ጠባይ ቃሉ ተሸክሞ ቆይቷል። ጣሊያኖች ከተማይቱን በዘር ለመከፋፈል ሲያቅዱ የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥተው «አዲስ ከተማ» ባሉት ስፍራ አኖሩት፤ መርካቶ የሚለው ስምም የጣሊያንኛ «ገበያ» ነው። አዝማሪን የረሸነው አገዛዝና ይህን ገበያ የተከለው አገዛዝ አንድ ናቸው። ገበያውን ከአራዳ ሲያነሡት የገበያውን ምላስም የሚቆርጡት መስሏቸው ከነበረ ተሳስተዋል። በርበሬው፣ እህሉ፣ ሸማው እየራሱ ተራና በረንዳ ይዞ ሲደራጅ ቀልዱም አብሮ ሰፈረ። በኋላ የካሴት ዘመን ሲመጣ መርካቶ የካሴት ንግድ ማዕከል ሆነች፤ የእነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ቀልድ ከዜማ ካሴቶች ጎን ተደርድሮ ተሸጠ። በርሊን ላይ ተለያይተው የነበሩት መሣሪያውና የሚስቀው ሕዝብ በአንድ ስፍራ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ወዴት?

የንግግሬ መደምደሚያ ለተማሪዎች ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ወደ ቤተ መዛግብት ስትሄዱ የሹመት ደብዳቤና የቀረጥ መዝገብ ታገኛላችሁ፤ ጥሩ ነው። ሳቅ ግን መዝገብ የለውም። በዚህ በረንዳ ከተቀመጡት አዛውንት ነጋዴዎች፣ በርበሬ ከሚቀነጥሱት እናቶች፣ ከተሸካሚዎችና ከአሻሻጮች አንደበት የሚሰማው ተረብ ከሰው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ አንድ ቀልድ ስትመዘግቡ አራት ነገር አብራችሁ ያዙ፦ ማን ተናገረው፣ ለማን ተነገረ፣ ማን አጠገብ ቆሞ ነበር፣ ከተሳቀ በኋላ ምን ሆነ? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን፤ ወርቁ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። አራተኛው ደግሞ የቀልዱን ዋጋ ይነግረናል፤ አንዱን ያሸለመ ቃል ሌላውን አሳስሮ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቀልድ ባለቤት ሲያጣ ወደ ታዋቂ ሰው ይጠጋል። «ተሰማ እሸቴ እንዲህ አሉ» ወይም «አለቃ ገብረ ሃና እንዲህ መለሱ» የተባለ ሁሉ የእነርሱ ነው ማለት አይደለም። ይህ ግን ማስረጃውን ከንቱ አያደርገውም። ሕዝብ አንድን ቀልድ ለአንድ ሰው ሲሰጥ ያ ሰው ይህን ሊል የሚችል፣ ብሎም የሚምርበት እንደነበር እየመሰከረ ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ራሱ ሊጠና የሚገባው ማስረጃ ነው፤ ከተጨበጠው ድርጊት ጋር ሳይቀላቀል እስከ ተያዘ ድረስ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሞተር ሊማሩ ሄደው ዘፈን አስቀርጸው የመጡ፣ ባለ ማዕረግ ሆነው ማሲንቆ የያዙ፣ ከሥልጣን አጠገብ ቆመው ሥልጣንን የጎነተሉ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን በርሊን አቆየችልን፤ ግጥማቸውን ልጃቸው። የቀረው ሥራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ግጥም በማን ፊት፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደተባለ ከደብዳቤ፣ ከጋዜጣና ከሽማግሌ አንደበት እያመሳከሩ ማቆም፣ የዚህ ትውልድ ተመራማሪዎች ድርሻ ነው። ሥራው አሁኑኑ ሊጀመር የሚችል ነው፤ ሽማግሌዎቹም አጠገባችን አሉ።